«ተወው፣ አትጻፈው»፦ ስለ እሽቅድምድም ዳኝነት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለከተማችን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ?

እኔ አውቶፓርኮ አካባቢ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ የምጠግን ሰው ነኝ። ደብዳቤዬ ስለ እሽቅድምድም ዳኝነት ነው። «ጎንደር ውስጥ ደግሞ የምን እሽቅድምድም?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ገና ነው፣ እውነት ነው። ግን ልጆቹ አሉ፤ ሞተሩም አለ። እሑድ እሑድ ወደ አዘዞ መውጫ ሜዳ ላይ የሚሞክሩትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት የተሰበረ ፍሬን ይዘው የሚመጡት እኔ ዘንድ ነዋ! አንድ ቀን እናንተ ዘንድ መጥተው ፈቃድና ዳኛ መጠየቃቸው አይቀርም። ከዚያ በፊት ልድረስ ብዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈር ልጆች ተሰባስበው አንድ የሞተር ውድድር አዘጋጁ። ጽሕፈት ቤታችሁ አያውቀውም፤ ለማንም አልተነገረም። ሽልማቱ አንድ በግ ነው። መዞሪያውን ያበጀነው ከእኔ ጋራዥ በወጡ ሊሾ ጎማዎች ነው፤ ኖራ ቀብተን ነጭ አደረግናቸው። ሕጉ አንድ ነው። ከጎማው ውጭ መዞር። በውስጥ በኩል ቆርጦ ያለፈ ይሰናበታል። ፊሽካውን የያዙት ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ በወጣትነታቸው ሞተር የነዱ ሰው ናቸው። እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ዙር እቆጥራለሁ፣ ጥፋት እጽፋለሁ።

በአራተኛው ዙር 7 ቁጥር ሦስተኛውን ጎማ በውስጥ በኩል አለፈ። ፊሽካ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ውጭ ዘረጉ፤ ልጁ ሞተሩን እየገፋ ወጣ። ጻፍኩ፦ «7 ቁጥር፣ 4ኛ ዙር፣ 3ኛ ጎማ፣ ተሰናበተ።»

ከዚያ ዝናብ ጀመረ። በስምንተኛው ዙር ሲመራ የነበረው 12 ቁጥር ያንኑ ጎማ በዚያው በውስጥ በኩል ቆርጦ አለፈ። ከጎማው ጋር ተሻሽቶ ሱሪው ባቱ ላይ ኖራ በኖራ ሆኗል። እስክሪብቶዬን አንስቼ ጋሼን አየኋቸው። ፊሽካው አፋቸው ላይ ነው፤ አልነፉትም።

«ተወው ልጄ፣ ይኼን አትጻፈው» አሉኝ። «ጭቃው አንሸራቶት ነው።»

7 ቁጥር ዳር ቆሞ ሁሉንም አይቷል። «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። ድሮ በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይባል ነበር። የእኛ ሞተር አልቆመም። ሰዉም ሳቀ። ልጁ ጋሼ አጠገብ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔንስ አቧራው አንሸራቶኝ ቢሆንስ ጋሼ? ጠየቁኝ?» አላቸው። ጋሼ ዝም አሉ። በጉን 12 ቁጥር ወሰደ።

ጋሼ አላደሉም። ይህን በደንብ ይያዙልኝ። ከሁለቱም ልጆች ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ከበጉም ቅምሻ አልደረሳቸውም። ለየብቻ ቢጠይቁኝ ሁለቱም ውሳኔ ያስኬዳል። ሕግ ሕግ ነው ብሎ ማሰናበት ያስኬዳል። ጭቃ ነው ብሎ ማለፍም ያስኬዳል። ጉዱ የሚወጣው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ ያደረገው ደግሞ ያ «አትጻፈው» የሚለው ቃል ነው።

ይህ ገንዘብ የሌለው ሰፈር ጣጣ እንዳይመስልዎት። ገንዘብ የሚዘንብበት የዓለም የመኪና እሽቅድምድም፣ ፎርሙላ ዋንም፣ ከዚህ አላመለጠም። እኔ በስልኬ የምከታተለው ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ሚስቴ እስክትሰለች ድረስ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. አቡ ዳቢ የሆነውን ልንገርዎት። በፈረንጆቹ 2021 መሆኑ ነው። የመርሴዲስ ቡድን ነጂ ሉዊስ ሃሚልተንና የሬድ ቡል ቡድን ነጂ ማክስ ቨርስታፐን የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ላይ የደረሱት እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ነው። በቀጥታ አላየሁትም። ያ ታኅሣሥ እዚህ የጦርነት ታኅሣሥ ነበር፤ ማን ስለ መኪና ያስባል? ቆይቼ ነው ያየሁት፤ ከዚያ በኋላ ግን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ውድድሩ 58 ዙር ነው። ሃሚልተን እየመራ ነው። በ53ኛው ዙር የኒኮላስ ላቲፊ መኪና ከግድግዳ ተላተመ፤ ሴፍቲ ካር ወጣ። ሴፍቲ ካር ማለት መንገዱ እስኪጸዳ ሁሉንም ከኋላው አሰልፎ በዝግታ የሚመራ መኪና ነው። እሱ እያለ መቀዳደም የለም። ቨርስታፐን በዚያች ፋታ ገብቶ አዲስ ለስላሳ ጎማ፣ መንገድ የሚይዘውንና የሚያፈጥነውን፣ አስቀየረ። ሃሚልተን በአሮጌ ጠንካራ ጎማው ቀረ። በሁለቱ መካከል ግን በዙር የተቀደሙ፣ ማለትም ከመሪው ሙሉ ዙር ወደ ኋላ የቀሩ፣ አምስት መኪኖች ተሰልፈዋል።

የውድድሩ ዳይሬክተር ማይክል ማሲ መጀመሪያ በዙር የተቀደሙት ሴፍቲ ካሩን አልፈው ከመካከል አይነሱም አለ። ጥቂት ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረ። አምስቱ ብቻ ይለፉ አለ። በዙር የተቀደሙት ግን በጠቅላላ ስምንት ነበሩ። ሦስቱ እዚያው ቀሩ። ሦስተኛ ለነበረው ለካርሎስ ሳይንዝ ከፊቱ የተደቀኑት ሁለት መኪኖች አልተነሱለትም፤ የእሱን ጉዳይ ያነሳም ብዙ ሰው አልነበረም። የያኔው ደንብ ደግሞ የመጨረሻው መኪና ካለፈ በኋላ ሴፍቲ ካሩ መንገዱን የሚለቀው በሚቀጥለው ዙር መጨረሻ ነው ይል ነበር። እሱም አልተጠበቀም። አንድ ዙር ሲቀር ውድድሩ ተለቀቀ። ቨርስታፐን ቀደመ፤ ሻምፒዮን ሆነ።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ይኸው ማሲ በፈረንጆቹ 2020 ጥቅምት ላይ፣ ጀርመን ኑርቡርግሪንግ በተደረገ ውድድር፣ ሴፍቲ ካሩ ለምን ያን ያህል ቆየ ተብሎ ተጠይቆ ነበር። በዙር የተቀደሙትን ሁሉ ማሳለፍ የደንቡ ግዴታ ነው ብሎ መለሰ። 14 ወር ቆይቶ «ሁሉ» የሚለው «አምስት» ሆነ። ጋሼም አቧራው ላይ ያልታያቸው ነገር ጭቃው ላይ ታያቸው።

መርሴዲስ አቤት አለ። ክርክሩ የደረሰበትን ቢሰሙ ይገርምዎታል። ደንቡ «ማንኛውም» በዙር የተቀደመ መኪና ነው የሚለው፣ «ሁሉም» አይልም ብለው ሬድ ቡሎች ተከራከሩ። እኛ ጎንደሬዎች በዚህስ አንታማም። አንዱን ቃል አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ እያሉ ሲፈቱ የኖሩ ሊቃውንት አገር ነው። ግን አንድም ያማረው ለመጽሐፍ ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለሚከንፍ ሰው አንድ ፍቺ ይበቃዋል።

አቤቱታው ያኔውኑ ውድቅ ሆነ። በየካቲት ማሲ ከቦታው ተነሣ። በመጋቢት ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ኤፍ አይ ኤ የሚሉት፣ የምርመራ ሪፖርቱን አወጣ። ሰውዬው በቅን ልቦና ነው የሠራው፣ ስህተቱ ግን የሰው ስህተት ነው፣ ውጤቱ ይጸናል አለ። ደንቡም ላይ «ማንኛውም» ወጥቶ «ሁሉም» ገባ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና በማሲ ላይ እኔ አልጨምርም። በዚያች ደቂቃ ሁለት ቡድን በሬዲዮ ጆሮው ላይ እየጮኸበት ነበር። ጋሼ ጆሮ ላይ ቢያንስ የጮኸባቸው የለም።

አሁን ልብ ይበሉልኝ። እኔ ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ሁሉ የምነግርዎት ስለተጻፈ ነው። ፎርሙላ ዋን ላይ ዳኞቹ መርምረው የሚወስኑት ነገር ቁጥር ተሰጥቶት ወረቀት ላይ ይወጣል። የሆነው ነገር፣ የተጣሰው አንቀጽ፣ ውሳኔው፣ ምክንያቱ። አራት መስመር ነው። ማንም አውርዶ ያነበዋል። ስለዚህ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል።

እኔም አስቀምጬ አይቻለሁ። በዚያው በ2021 ሐምሌ ኦስትሪያ ላይ፣ አራተኛው ኩርባ፣ ሰርጂዮ ፔሬዝ በውጭ በኩል ሊቀድም ሲል ላንዶ ኖሪስ ቦታ ነሣው፤ ፔሬዝ ጠጠር ውስጥ ገባ። ለኖሪስ 5 ሰከንድ ቅጣት። ኅዳር ላይ ብራዚል፣ እዚያም አራተኛው ኩርባ፣ ሃሚልተን በውጭ በኩል ሊቀድም ሲል ቨርስታፐን ሰፍቶ ሄደ፤ ሁለቱም ከመንገድ ወጡ። ምርመራም አልተከፈተ። መርሴዲስ እንደገና ይታይልኝ ቢልም አልተሳካም። ሃሚልተን ኋላ ቀድሞ ስላሸነፈ ብዙ ሰው ረሳው። ቨርስታፐን ቦታ አልነሳም የሚሉ አሉ፤ ጠጠርና አስፋልት አንድ አይደለም የሚሉም አሉ። ይሁን። ክርክሩ ግን ስለ አንድ የታወቀ ነገር ነው። እኛ ሰፈር ያለው ክርክር «ነበር፣ አልነበረም» ነው። ያ አያልቅም።

በ2025 ሰኔ ላይ ደግሞ ኤፍ አይ ኤ ዳኞቹ የሚመሩበትን የቅጣት መመሪያ ራሱን ለሕዝብ አወጣ። የቱ ጥፋት ስንት ሰከንድ እንደሚያስቀጣ ከውድድሩ በፊት ማንም ማየት ይችላል። ዓመታት ፈጀባቸው እንጂ አደረጉት።

ከእኛው ሰው ምሳሌ ልጨምር። በዚያው በ2021 ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን ቀድሞ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ውጤቱ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሚፈቀደው 4 ነው። አንጀቴ ነው የተቃጠለው! ግን ዳኛውን ልስደብ ብል አፌ አልታዘዘኝም። በማስመሪያ የሚለካ ነገር ነው። ኬንያዊም ቢሆን፣ ኦስትሪያዊም ቢሆን፣ 5 ሴንቲ 5 ሴንቲ ነው።

ሁሉም ነገር በማስመሪያ አይለካም። ደግሞ ማስመሪያም የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። በ2023 ኦስትሪያ ላይ መኪኖች የመንገዱን ዳር ነጭ መስመር አለፉ የሚለው ጥቆማ ከ1,200 በላይ ሆኖ ዳኞቹ በሰዓቱ አይተው መጨረስ አቃታቸው። ስምንት ነጂዎች የተቀጡት ውድድሩ ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ነው። ካሜራና ኮምፒዩተር ያለው እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ጋሼና አንድ ፊሽካማ ምን ይሆናሉ?

የምለምንዎት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። እነዚህ ልጆች ለፈቃድ ሲመጡ «ሕጋችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ» ይበሉልኝ። ጥፋቱም ቅጣቱም በአማርኛ ይጻፍ፤ ውድድሩ ሳይጀመር ለሁሉም ይነበብ። «ዝናብ ቢመጣ» የሚለውም ይግባበት፤ ክረምት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ዋናው ግን መዝገቡ ነው። አንድ ደብተር። ዳኛው የቀጣውንም፣ አይቶ ያለፈውንም ይጻፍ። በተለይ ያለፈውን። ለምን እንዳለፈው አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃለች። ውድድሩ ሲያልቅ ገጹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ደብተሩ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዳኛ ሲመጣ ያንን ገልጦ ያያል። ቅር ያለው ልጅም አቤት የሚልበት ሰው ይኑር፤ ፊሽካውን የያዘው ሰው ራሱ ግን አይሁን። ጋሼን ጋሼ ጋ መክሰስ ምን ዋጋ አለው?

አንድ ወዳጄ ይህን ሳነብለት «ታዲያ የመጀመሪያው ዳኛ ከተሳሳተ፣ ስህተቱን ለዘላለም ልንደግመው ነው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደግመውም። «ከዛሬ ጀምሮ ቀይረነዋል» ብሎ መጻፍ ነው፤ እነሱም «ማንኛውም»ን በ«ሁሉም» የተኩት እንደዚያ ነው። የሚከፋው ዝናብ ሲመጣ ለአንዱ ብቻ መቀየሩ ነው። ወዳጄ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ስለሆነ ዳኛ የሚባል ፍጥረት በጠቅላላ አይወድም፤ ክርክራችን ሌላ ቦታ ሄዶ ቀረ።

7 ቁጥር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተወዳደረም። ሞተሩን ሸጦ ባጃጅ ገዝቷል። እኔ ዘንድ ዘይት ሊያስቀይር ሲመጣ ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም፤ እኔም አላነሣበትም። ደብተሩ ግን አለ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ዳርና ዳሩ ግሪስ ነክቶታል። የ7 ቁጥር መስመር አለች። ከሥሯ ያለው መስመር ባዶ ነው፤ እስክሪብቶዬን አስነክቼ የተውኩት አንድ ነጥብ ብቻ አለበት። ማየት ከፈለጉ ቢሮዎ ድረስ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አውቶፓርኮ፣ ጎንደር
አንድ የሞተር ሜካኒክ