በግራ ጆሮዋ አናግሯት

እማዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። ስልኩን ሁሌ ድምፁን ለቃችሁት ስለምታወሩኝ ቤቱ ሙሉ ይሰማል። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርሽው ፊደል ዛሬ ይጥቀመን።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። «አሜሪካ ሄዳ ሽማግሌ ታጥባለች» ሲሉሽ ቅር እንደሚልሽም አውቃለሁ፤ አልቀየምሽም። ነርሲንግ ሆም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው የምሠራው። ቀኑን እተኛለሁ። ማለት፣ ጎረቤት ቫኪዩሙን ካላስነሳ።

በቀደም ከማጥባቸው አንዷ፣ ድሮ አስተማሪ የነበረች የ88 ዓመት ሴትዮ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትንፋሿ ተፋጠነ። እኛ ጋ በሌሊት ሐኪም የለም። ነርሷ ደወለችለት፣ እሱም ቤቱ ሆኖ «ላኳት» አለ። 911 ተደወለ። ወዲያው ሁለት ጎረምሶች አልጋ እየገፉ መጡ። ስምሽ ማነው አሏት፤ ዝም። ቀኑ ምንድን ነው አሏት፤ ዝም። «አትመልስም» ብለው ጻፉና ወሰዷት። እኔ ሌላ ክፍል ሰው እያገላበጥኩ ነበር። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። የመስሚያ መሣሪያዋ ኮመዲኖው ላይ፣ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ፣ ከሰው ሠራሽ ጥርሷ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ሴትዮዋ ስሟን አጥታው አይደለም እኮ፣ አልሰማቻቸውም! ኩባያውን ይዤ በደረጃ ወረድኩ። አምቡላንሱ መብራቱን እያብለጨለጨ ከግቢ ሲወጣ ደረስኩ።

በአራተኛው ቀን ተመለሰች። ሳንባ ምች ነበር። ሐቁን ልናገር፣ ባትሄድ ትሞት ይሆናል። ግን ሌላ ሰው ሆና መጣች። ቀንና ሌሊቱ ተምታቶባታል፣ ገላዋን ልነካት ስል ትጮኻለች፣ ተረከዟ ቆስሏል። ዴሊሪየም ይሉታል። አረጋዊ ሰው ታሞ፣ በማያውቀው ቦታ፣ መብራት በማይጠፋበት ክፍል ሲተኛ አእምሮው ይዛባል። የማይሰማና የማያይ ከሆነማ ይብስበታል።

ይህ የአንድ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2011 የአሜሪካ መንግሥት መርማሪዎች ቆጥረውት ነበር። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድን ካላቸው የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች ከ4ቱ አንዱ ገደማ በዚያ ዓመት ሆስፒታል ገብቷል። ወጪው 14.3 ቢሊዮን ዶላር። ከሁሉ የበዛው ምክንያት ኢንፌክሽን ወደ ደም ገብቶ ነው። አንዳንዱ በጊዜ ቢታይ እዚያው ይታከም ነበር። አንቺም ይህን ያዥልኝ፦ በእናንተ ዕድሜ ኢንፌክሽን ሲመጣ ትኩሳት ላይኖር ይችላል። ምግብ መዝጋት፣ ውኃ መተው፣ ያለ ልማድ መተኛት፣ ነገር መቀላቀል ሊሆን ይችላል ምልክቱ። «ደክሞኝ ነው፣ ተዪኝ» እያልሽ እህቴን አትሸንግያት።

አባባን አስታወስኩ። የቅሬው ሰዎች በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከሙት፣ ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈ፣ ወደ ደሴ ጉዞ ሆነ። አንቺ አስታማሚ ሆነሽ ከአልጋው ሥር ሰሌን ላይ 3 ሌሊት አደርሽ። ለገባ ሐኪም ሁሉ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ትይ ነበር። እዚህ አስታማሚ የለም፣ ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ ረስታችኋል አይልም።

ግን ሌላም ትዝ ይለኛል። ሐይቅ ከተማን ስናልፍ አባባ «ወዴት ነው የምትወስዱኝ? ቤቴ መልሱኝ» አለ። ሁላችንም ሰማን። ወንድሞቼ «አይዞህ ትድናለህ» አሉት፣ ሹፌሩም ነዳ። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያ ቃል ይበላኛል። ልክ ነበርን? አላውቅም። ያልጠየቅነው ግን ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ ደህና እያለም አንድ ቀን አልጠየቅነውም።

እኔ ባለሁበት በሜሪላንድ እያንዳንዱ የነርሲንግ ሆም ነዋሪ ሞልስት የሚባል ፎርም ይኖረዋል። ከሱ ጋር ተነጋግሮ ሐኪም ይፈርምበታል፣ በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። ስለ ሆስፒታል የሚጠይቀው ቦታ 3 ምርጫ አለው። ሕመሙ ሆስፒታል የሚያስፈልገው ከሆነ ውሰዱኝ። በሌላ መንገድ ሊያስታግሱት የማይቻል ከባድ ስቃይ ከሆነ ብቻ ውሰዱኝ። አትውሰዱኝ፣ ባለሁበት የሚቻለውን አድርጉልኝ። እነዚህን ሳጥኖች ባየሁ ቁጥር የማስበው አንቺን ነው። የትኛውን ትመርጪያለሽ? «ሟርተኛ፣ ዱዓ አድርጊ እንጂ» ትይኛለሽ። አደርጋለሁ። ግን መልሺልኝ። የፈለግሽውን ብትዪ አልከፋም፣ ሐሳብሽን ብትለውጪም ሌላ ወረቀት እንጽፋለን።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ወረቀት ልኬያለሁ። ኪኒኖችሽን ከነሰዓታቸው ጽፌበታለሁ። ከጤና መድን ደብተርሽ ጋር በላስቲክ ጠቅልለሽ በር ላይ ባለው ቦርሳ ክተቺው፤ ሌሊት የሚፈልገው ሰው እንዳይደናበር። ከላይ በትልልቁ «በግራ ጆሮዋ አናግሯት፣ ቀኙ አይሰማም» የሚል አለ። ከሱ በታች ያለውን መስመር ለመልስሽ ባዶ ትቼዋለሁ፤ በራስሽ እጅ ሙይው። እህቴን የምትጠሪያት ያኔ ነው።

ለመነጽሩ ገመድ የሚሆን ብር ጨምሬያለሁ። አንገትሽ ላይ ይንጠልጠል፣ ትራስ ሥር አታስቀምጪው።

ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ