የፓርኩ ጉዞ፦ እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልኝ

ቤተሰብ፣ በበዓሉ ማግስት ወደ መዝናኛ ፓርኩ ማን ማን እንደሚመጣ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ። ትኬቱን ቀድሜ ልገዛ ነው፤ በበዓል ሰሞን በር ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ጠዋት 2፡30 በሩ ጋ እንገናኝ። የመጀመሪያዋ ሰዓት ወርቅ ናት፣ ከዚያ በኋላ ሰልፉ አያድርስ ነው።

የልጆቻችሁን ቁመት ግድግዳ ላይ አቁማችሁ ለኩልኝ። ብዙዎቹ ትልልቅ ሮለር ኮስተሮች ከ122 ሴንቲሜትር በታች አያሳፍሩም። አንድ ሰዓት ተሰልፎ ከመግቢያው የሚመለስ ልጅ እንዴት እንደሚያለቅስ ታውቃላችሁ።

ለእማማ ዊልቸር አስይዣለሁ። «በእግሬ ነው የምሄደው» ማለታቸው አይቀርም፤ ካልተቀመጡበት ቦርሳ እንጭንበታለን።

ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት አያቶችና ሕፃናት ማረፊያችን ሄደው ይተኛሉ። አብሯቸው የሚሄድ አንድ ሰው እፈልጋለሁ፣ ማነው?

ውሃ፣ ኮፍያና መድኃኒት እንዳትረሱ። መልሳችሁ ላይ የሰው ብዛትና የልጆቹን ቁመት ጻፉልኝ።