ክሪስቶፈር ሊ «ድንገት» አልዘፈነም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዛዊው የፊልም ተዋናይ ክሪስቶፈር ሊ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በፊልም ደም መጣጩ ድራኩላ መሆኑ አለ። የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሙ ጠንቋይ ሳሩማን መሆኑም አለ። ቁመቱ እንኳ አልቀረም። ሙዚቃው ጋ ስትደርሱ ግን በአንዲት ዓረፍተ ነገር አለፋችሁት፦ «በ90 ዓመቱ ድንገት ዘፋኝ ሆኖ ጩኸት ውስጥ ገባ።»

ይቺ «ድንገት» የምትል ቃል ናት ያንገበገበችኝ።

የሰውየው ቅድመ አያት ማሪ ካራንዲኒ በአውስትራሊያ ስመ ጥር የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች። እሱም እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ዊከር ማን» በተባለው ፊልም ውስጥ በራሱ ድምፅ ዘፍኗል። በ2005 ራፕሶዲ ከተባለው የጣልያን ሜታል (ከበድ ያለ የሮክ ሙዚቃ) ባንድ ጋር አንድ ዘፈን አወጣ። በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ በጣልያንኛም፣ በፈረንሳይኛም፣ በጀርመንኛም ነው የተጫወተው። በ2010 ስለ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ንጉሥ ሻርለማኝ ሙሉ አልበም ሲያወጣ 87 ዓመቱ ነበር። ሁለተኛውን የሻርለማኝ አልበም ደግሞ በ2013፣ ልክ 91ኛ ልደቱ ቀን ለቀቀው። ሙዚቃውን ያቀናበረለት ጁዳስ ፕሪስት የተባለው የሜታል ባንድ ጊታሪስት ሪቺ ፎክነር ነው። ታዲያ ድንገቱ የቱ ጋ ነው?

በዚያው ዓመት አንዱ የገና ዘፈኑ በአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት በቢልቦርድ የነጠላ ዘፈኖች ሽያጭ ሰንጠረዥ 18ኛ ደርሶ ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር። እናንተም ያኔ ሰምታችሁት ይሆናል። እናንተ ያኔ ሰማችሁ ማለት ግን እሱ ያኔ ጀመረ ማለት አይደለም።

«ጩኸት» ስላላችሁት ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። እኔ ሜታል ሰሚ ነኝ። ይህን ቃል ስሰማ ነው ያደግኩት። አንድ ጊዜ አከራዬ በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ ጸበል ልውሰድህ?» አሉኝ። ከልባቸው ነበር፤ አልተቀየምኳቸውም። መሥሪያ ቤት ግን አንዱ ባልደረባዬ ማዳመጫዬን ከጆሮዬ ነቅሎ ሰማና «የሰይጣን ነገር ነው» ብሎ ለቢሮው ሁሉ አወራብኝ። ሁለት ወር ሙሉ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ። ያንኑ ቃል ከእናንተ ስሰማው አመመኝ።

ያን አዛውንት በክብር የተቀበለውም ይሄው ጩኸት ያላችሁት ሰፈር ነው። በ2010 ለንደን ውስጥ ሜታል ሀመር መጽሔት ሲሸልመው፣ ሽልማቱን ያስረከበው ብላክ ሳባዝ የተባለው የሜታል ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ነበር። የዘርፉ አባት ከሚባሉት አንዱ ማለት ነው። ይህን አንድ መስመር መጻፍ ምን ያስቸግራል?

ጽሑፋችሁን ባነበብኩ ማታ የመጀመሪያውን የሻርለማኝ አልበም ከፈትኩት። ጊታሩ ይጋልባል፤ እሱ አይቸኩልም። እያንዳንዷን ቃል እስከ መጨረሻዋ ድምፅ ጠርቶ ነው የሚለቃት። አንዳንድ ቦታ ከመዝፈን ይልቅ ይናገራል፣ ይህን አልክድም። ግን ያ ወፍራም ድምፅ ከደረት ሲነሳ እኔን የሚያስታውሰኝ በገና ደርዳሪ ነው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ቆማ ሰማችው። እንግሊዝኛ አትችልም። «ምን እያለ ነው? ንጉሥ ነው የሚያለቅሰው?» አለችኝ። በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው በእርግጥም ንጉሥ ነው።

እባካችሁ፣ «ድንገት» የምትለዋን ቃል አርሙልኝ። «ጩኸት» የሚለውንም አንሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ