እናትና አባታችሁን ይዛችሁ የአየርላንድን ገደል ልታዩ ከሆነ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብሊን ነው። ባለፈው ሰሞን ስለ ውጭ አገር ጉብኝት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ፣ መኪና ከነሹፌሩ ለአንድ ቀን ኮንትራት መያዝ "የሀብታም ቅንጦት" ነው የሚል አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። አልስማማም። ለወጣት ቅንጦት ሊሆን ይችላል። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ወላጆች ይዞ ለሚወጣ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ በቱሪስት አውቶቡስ በአገሩ ምዕራብ ባሕር ዳር ወዳለው የሞኸር ገደል ወስጃት ነበር። ከደብሊን ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስንደርስ ጉም ነው። ፊታችን ያለው አጥር እንኳን በደንብ አይታይም። የተሰጠን አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ሽንት ቤቱ ሰልፍ ነው፣ ሻይ እንኳን ሳትጠጣ ሰዓቱ አለቀና ተመለስን። አውቶቡስ ላይ "ባሕሩ የቱ ጋ ነበር?" አለችኝ። ድምፁን ሰምታለች እንጂ አላየችውም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ እናትና አባቴ ሲመጡ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ከደብሊን ለገደሉ ቀረብ እስከምትለው የምዕራብ ከተማ እስከ ጎልዌይ በባቡር ሄድን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዚያ አደርን። በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሹፌሩ ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ስድሳውን ያለፈ፣ ገደሉ ያለበት የክሌር አውራጃ ተወላጅ ነው። እናቴ ወደ መኪናው ስትጠጋ ከኋላ ትንሽ የፕላስቲክ ዱካ አውጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠላት። ቀኑን ሙሉ በየቆምንበት ያችን ዱካ ማውጣትና መመለስ አልሰለቸውም።

መንገዱ በኪንቫራ አድርጎ፣ ባሊቮንን አልፎ በብላክ ሄድ በኩል የባሕሩን ዳር ይዞ ይሄዳል። በአንድ በኩል አትላንቲክ ነው፣ በሌላው በኩል በረን የሚሉት አገር። ተራራው በሙሉ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከሦስት መቶ ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር። በየስንጥቁ አበባ ይበቅላል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ትልቅ አውቶቡስ ከፊት ሲመጣ ሹፌራችን ጠርዝ ይዞ ይቆማል፣ እግረ መንገዱን አንድ ነገር ያሳየናል።

አባቴ ወሎ ውስጥ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ተራራው ላይ ሽቅብ የሚወጣ የድንጋይ ካብ አይቶ "ይሄ ምን ያጥራል? ላይ ምንም የለም እኮ" አለ። እኔ መሐል ሆኜ አስተረጎምኩ። ሹፌሩ መኪናውን አቆመና ነገረን። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1852 የድሃው ዋና ምግብ የነበረው ድንች በበሽታ ሲጠፋ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው አለቀ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ አገር ጥሎ ተሰደደ። ለተራበው ሰው መንገድ እየጠረገ፣ ድንጋይ እየካበ ነበር ምግብ መግዣ የሚሰጠው። አባቴ "ሥራ ለምግብ!" አለ። ወርዶ ካቡን ነካው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ነው የተካበው፣ በድንጋዮቹ መሐል ብርሃን ያሳልፋል። ሹፌሩም የ77ቱን ድርቅ አነሳ። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ ለኢትዮጵያ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሣጥን ሲዞር ሳንቲም መክተቱን ያስታውሳል። አባቴ የሹፌሩን እጅ ጨብጦ ቆየ። እዚያች ካብ ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። ለዚህ የሚቆም አውቶቡስ የለም።

ገደሉ ጋ ስንደርስ፣ አያችሁ፣ እንደገና ጉም! ልቤ ቁርጥ አለ። ሹፌሩ ግን ሰማዩን አየና "አሁን አትውረዱ፣ ትኬትም አትግዙ፣ ሌላ ቦታ አድርሻችሁ እመልሳችኋለሁ" አለ። ወደ ሊስካነር መንደር ወረድንና ወደ ቅድስት ብሪጂድ ጠበል ወሰደን። ብሪጂድ ከአየርላንድ ሦስት ዋና ቅዱሳን አንዷ ናት፣ ከ2023 ጀምሮ በስሟ ሕዝባዊ በዓል አላት። ጠበሉ ከጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ነው የሚፈልቀው። ግድግዳው በሥዕል፣ በመቁጠሪያ፣ በሞቱና በታመሙ ሰዎች ፎቶ ተሞልቷል። እናቴ ገና በሩ ላይ ነጠላዋን አስተካከለች። ፍልሰታ ስለነበርና 9 ሰዓት ስላልሞላ አልቀመሰችም፣ በሃይላንድ ቀዳች። አባቴ "የኛ እኮ አይደለም" ሲላት "ውኃው የማን ሆነና" ብላ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየች ቆመች። አንዲት የአገሬው ሴት ከጎኗ ሻማ ታበራ ነበር። ቋንቋ ሳይገናኙ ሁለቱም ያለቅሳሉ።

ሁለት ሰዓት ቆይተን ስንመለስ ጉሙ ተነስቷል። ገደሉ ከፍ ባለበት ቦታ 214 ሜትር ነው፤ በ1835 የተሠራው የኦብራየን ግንብ አጠገብ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ማዕበሉ ድንጋዩን መትቶ ነጭ ሲሆን ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ። ማዶ የአራን ደሴቶች ይታያሉ። እናቴ "አቤት የእሱ ሥራ" አለችና ሌላ ቃል አልተናገረችም። እባካችሁ ከአጥሩ አትውጡ፣ ጠርዙ የሚፈርስ ነው፣ ለፎቶ ብለው ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። ጃንጥላም አያዋጣም፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ያዙ። ስለ ምግብ ብዙ አልልም። እዚያ ሾርባው ክሬም፣ ዳቦው ወተት ስላለበት ለጾመኛ ከቤት ሹሮ ፍትፍትና ቆሎ ይዞ መውጣት ነው የሚሻለው፤ በግል መኪና ደግሞ የሚከለክላችሁ የለም።

ወጪው ርካሽ ነው አልልም። ለአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው፣ እኔና እህቴ ተካፍለን ነው የከፈልነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ሁለት ነገር አጣሩ። በዚህ አገር ሰው በክፍያ የሚያጓጉዝ መኪናም ሹፌርም ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፤ የመኪናውን የሚሰጠው ብሔራዊ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ነው። እንዲህ ያለው መኪና ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት ነው የሚቆረጠው፣ ስለዚህ የመግቢያና የፓርኪንግ ክፍያ እንዳለበትና እንደሌለበት በጽሑፍ ያዙ። ሹፌሩ የዚያው አካባቢ ሰው መሆኑንም ጠይቁ። ለእኛ ቀኑን ያዳነልን ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የቪዛውን ነገር አስተውሉ። ብዙ ሰው ከደብሊን ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ አርባ ሺህ ያህል የድንጋይ ምሰሶ ወዳለበት ወደ ጃይንትስ ኮዝዌይ መሄድ ይመኛል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። ያ ግን ሰሜን አየርላንድ ነው፣ የብሪታንያ ግዛት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የአየርላንድ ቪዛ ቢኖረውም ለዚያ የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል። መንገዱ ላይ ኬላ ስለሌለ ሰው ሳያውቀው ይሻገራል፣ ከተያዘ ግን ለሚቀጥለው ቪዛው ጭምር መዘዝ ነው። ይህችን አንቀጽ ቦታ ቢጠባችሁ እንኳን እንዳትቆርጧት እለምናለሁ።

ወላጆቹን ሊያመጣ ያሰበ አንባቢ ጥያቄ ካለው በእናንተ በኩል ይላክልኝ፣ እመልሳለሁ። አክስቴንም ለሚመጣው ግንቦት ጠርቻታለሁ።

አክባሪያችሁ
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደብሊን