ስለ ርካሹ የፈረንሳይ ገጠር ቤት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በፈረንሳይ ገጠር በ30,000 እና በ40,000 ዩሮ ስለሚሸጡ ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እህቴ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ላከችልኝ። የምኖረው ለንደን ነው። ከነርስነት ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ግንበኛ ነው። ክሬዝ በሚባለው የመሐል ፈረንሳይ አውራጃ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት አለን። ስለዚህ ጽሑፉን ያነበብኩት በጉጉት ነው። ዋጋው እውነት ነው። ፎቶዎቹም አልተጋነኑም። "ቤት የገዛ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ በቀላሉ ያገኛል" የምትለዋ መስመር ግን ስህተት ናት፤ ብታርሟት ጥሩ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ቤት ለመግዛት የየት አገር ሰው ነህ ብሎ የሚከለክል የለም። ገንዘቡና ወረቀቱ የተሟላለት ሁሉ ይገዛል። አገሩ ገብቶ መቆየት ግን ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ሕግ ነው። እኛ የያዝነው የእንግሊዝ ፓስፖርት ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አንችልም፤ የገዛ ቤታችን ውስጥም ቢሆን። ያ 90 ቀን ደግሞ ለፈረንሳይ ብቻ ሳይሆን በአንድ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ሸንገን ለሚባሉት፣ በሙሉ ነው። ልጃችን ጋ በርሊን የከረምንበት ጊዜ ከክሬዙ ላይ ይቀነሳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰውማ ለአጭር ጉብኝትም ቪዛ መጠየቅ አለበት። የቤቱ ወረቀት የት እንደሚያርፍ ያሳይለታል እንጂ መብት አይሰጠውም።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የፈረንሳይ ፓርላማ አዲሱን የኢሚግሬሽን ሕግ ሲያጸድቅ እዚያ ቤት ላላቸው እንግሊዛውያን ረጅም ቪዛ ያለ ውጣ ውረድ እንዲሰጥ የሚል አንቀጽ አስገብቶ ነበር። የመንደራችን እንግሊዞች ደስታቸውን አልቻሉትም። በጃንዋሪ 2024 የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ አንቀጹን ጣለው። የዚያን ሰሞን ፊታቸውን ብታዩት! ስለዚህ ከሦስት ወር በላይ መቆየት የፈለገ ሰው እንደማንኛውም አመልካች የረጅም ጊዜ የጎብኚ ቪዛ ይጠይቃል። በቂ ገቢ ያሳያል፣ የጤና መድን ይገዛል፣ እዚያ ተቀጥሮ እንደማይሠራም ይፈርማል። ለጡረተኛ ይሆናል። ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ ለሚል ሰው አይሆንም።

ቤቶቹ ለምን እንደረከሱም ጽሑፋችሁ ዘሎታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ክሬዝ ውስጥ ከ280,000 በላይ ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ ከ120,000 በታች ነው። የዚያ አውራጃ ወንዶች በግንበኝነት የታወቁ ነበሩ። ሙቀቱ ሲመጣ ፓሪስ ሄደው ይሠራሉ፤ ብርዱ ሲገባ ይመለሳሉ። የፓሪስ ትልልቅ ሕንጻዎች በእነሱ እጅ ነው የተገነቡት። በኋላ ላይ ግን መመለሱን ተዉት። ባለቤቴ ይህን ታሪክ የሰማ ዕለት "ታዲያ የሙያ አባቶቼ ናቸዋ!" ብሎ ለገጠመን ሁሉ ሲያወራ ዋለ። የሚሸጡት ቤቶች በአብዛኛው የእነዚያ ቤተሰቦች ውርስ ናቸው። ወራሾቹ ሊዮን ወይም ቦርዶ ይኖራሉ፤ ቤቱን አይፈልጉትም። ዋጋው የወረደው የሚገዛ ሰው ስለሌለ ነው። የገዛ ሰውም ነገ ልሽጥ ቢል ያው ገበያ ነው የሚጠብቀው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ማስታወቂያው ላይ ካለው ዋጋ በተጨማሪ ኖቴር የሚባለው ባለሙያ የሚሰበስበው ክፍያ አለ። ኖቴር መንግሥት የሾመው የሕግ ሰው ነው፤ ያለ እሱ የቤት ሽያጭ አይጸናም። ክፍያው ለአሮጌ ቤት ከ7 እስከ 8 በመቶ ነው ይባላል። ይህ ግን ለውድ ቤት ነው። ታሪፉ ለትንሽ ዋጋ ከፍ ያለ መቶኛ ስለሚያስከፍልና ቋሚ ወጪዎችም ስላሉት፣ በ40,000 ዩሮ ቤት ላይ ከ4,000 ዩሮ ይበልጣል። አብዛኛው ለኖቴሩ ኪስ ሳይሆን ለመንግሥት የሚገባ ግብር ነው። የደላላው ኮሚሽንም አለ፤ ማስታወቂያው ላይ ተካቷል ወይስ አልተካተተም ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ገዢ የራሱን ኖቴር ማቆም መቻሉ ነው። ሁለቱ ኖቴሮች ያንኑ ክፍያ ይካፈላሉ እንጂ ወጪው አይጨምርም። የሻጩ ኖቴር ሸጋ ሰው ቢሆንም እኛ የራሳችንን ይዘን ነው የሄድነው።

መጀመሪያ የሚፈረመው ኮምፕሮሚ የሚባለው ውል ነው። ቀብዱ ብዙውን ጊዜ ከዋጋው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ከዚያ ገዢው ሐሳቡን የሚለውጥበት 10 ቀን አለው፤ ምክንያት አይጠየቅም፣ ቀብዱም ይመለስለታል። ሻጩ ደግሞ የምርመራ ወረቀቶች ማቅረብ አለበት፦ አስቤስቶስ (ጤና የሚጎዳ የግንባታ ቁስ)፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጎርፍና የመሬት አደጋ፣ የኃይል ፍጆታ። ባለቤቴ ወረቀት አይወድም፤ እሱ ጣራ ሥር ወጥቶ እንጨቱን በቢላ መውጋት ነው የሚወደው። እኔ ወረቀቱን አነባለሁ፣ እሱ እንጨቱን ይወጋል። በዚህ ተከፋፍለን ብዙ ቤት ጥለናል። የጣራው ፕሮፎርማ ከቤቱ ዋጋ የበለጠበት አጋጥሞናል።

ከሁሉም የሚያስከፋው የፍሳሹ ጉዳይ ነው። ገጠር ያለ ቤት ብዙውን ጊዜ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ የራሱ ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው። ሻጩ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ የምርመራ ወረቀት ያቀርባል። ታንኩ ደረጃውን ካላሟላ ግን ግዢው በተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያሠራው ገዢው ነው። የእኛ ደላላ "ስልሳ ዓመት ሙሉ ሠርቷል፣ ምን ያስጨንቃችኋል?" አለን። ባለቤቴ ክዳኑን አንስቶ አየውና ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ነገር አለ ማለት ነው። ወረቀቱም አያሟላም ይል ነበር። ያስመጣነው ፕሮፎርማ ከ10,000 ዩሮ በላይ ሆነ። እሱን ይዘን ዋጋ አስወረድን። ሻጮቹ ትንሽ ተቆጡ፤ በኋላ ግን ተስማሙ።

ጽሑፋችሁ "ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ ቤቱን ማከራየት ይችላል" ይላል። ቀስ በሉ። ቤቶች በኃይል ፍጆታቸው ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ይሰጣቸዋል። የመጨረሻውን ደረጃ ጂን ያገኘ ቤት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለነዋሪ በአዲስ ውል አይከራይም። በ2028 ኤፍ ይከተላል። በ40,000 ዩሮ የሚገዛ የድንጋይ ቤት ምን ደረጃ የሚያገኝ ይመስላችኋል? ከእነዚህ ከሁለቱ አያመልጥም ማለት ይቻላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የወረቀቱ ጣጣ የራሱ ጣዕም አለው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል። የእኔ የአባቴ ስም ነው፣ የባለቤቴ የአባቱ ስም ነው፣ የልጆቻችን ደግሞ የእሱ ስም። የኖቴሩ ጸሐፊ አራታችንም የማንተዋወቅ ሰዎች መስለናት ነበር። የባለቤቴ የቀበሌ የልደት ወረቀት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፓስፖርቱ በፈረንጅ። ሁሉንም በፍርድ ቤት በተመዘገበ ተርጓሚ ማስተርጎም ነበረብን። ከዚያ ኖቴሩ የት ተጋባችሁ፣ ከተጋባችሁ በኋላ መጀመሪያ የት ኖራችሁ ብሎ ጠየቀን። ሰውየው ወሬ የወደደ መስሎኝ ነበር። ለካ ቤቱ የጋራ ይሁን የየግል የሚወሰነው በዚያ ኖሯል። ወረቀቱን አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ፊርማውን ከውጭ ሆኖ በውክልናም መጨረስ ይችላል።

ከቤቱ ጋር የእርሻ መሬት ካለ ሳፌር የሚባለው የገጠር መሬት ድርጅት ቅድሚያ የመግዛት መብት አለው፤ መልሱን ለመስጠትም ሁለት ወር ጊዜ አለው። የንብረት ግብር በየዓመቱ ይመጣል። ዋና መኖሪያ ያልሆነ ቤት ያለው ሰው የነዋሪነት ግብር የሚባለውንም ይከፍላል። ከ2023 ወዲህ ቤቱን ማን እንደሚጠቀምበት ለግብር ቢሮው ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ያላሳወቀ 150 ዩሮ ይቀጣል። መኪናም የግድ ነው። ከፓሪስ ክሬዝ ውስጥ እስካለችው እስከ ላ ሱተሬን ከተማ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ላምና ጫካ ነው።

በመጨረሻ ስለ ውርስ፣ ምክንያቱም የእህቴ አንዲት ጓደኛ ጽሑፋችሁን አንብባ ቤቱን ፓሪስ በሚኖረው የወንድሟ ልጅ ስም ልትገዛ አስባለች። ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያስብ አውቃለሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ሰነዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው ባለቤቱ። ኖቴሩም ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ንብረቱን ሁሉ እንዳሻው አይናዘዝም፤ አንድ ልጅ ካለው ግማሹ፣ ሁለት ከሆኑ ሁለት ሦስተኛው፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሦስት አራተኛው ለልጆቹ የተጠበቀ ነው። የወንድሟ ልጅ አግብቷል፣ ወልዷል። ሴትየዋን የምመክራት ይህን ነው፤ ቀብድ ከመላኳ በፊት ለኖቴሩ ትጻፍለት፦ የወንድሜ ልጅ ነገ አንድ ነገር ቢሆን ቤቱ የማን ነው? መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ትቀበል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከለንደን