ሽቅብ ነው ቁልቁል?

ደሴ፣ የካቲት 2017

ይድረስ ለውዷ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ደህና ነን። የደሴ ብርድ እንደተውሽው ነው። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ተከናንቦ ይውላል፤ እኛም ጋቢያችንን ተከናንበን እንውላለን።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ስለ ብርድ ማውራት እንደማያምርብኝ አውቃለሁ። ስንቴ ስልኬን አንስቼ ቁጥርሽን ጀምሬ ተውኩት። «ሃሎ» ካልሽኝ ማልቀሴ ነው። ያኔ እኔ አንቺን ማጽናናት ሲገባኝ አንቺ እኔን ልታባብዪኝ! ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል።

አባትሽ፣ አባባ፣ ሲያርፉ አልደረስኩም። ኅዳር 2014 ደሴ ምን ላይ እንደነበረች ታውቂያለሽ። መንገድ የለም፣ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። አዲስ አበባ ለሕክምና እንደመጡ ነበር የማውቀው። መርዶውን የሰማሁት ታኅሣሥ ውስጥ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ነው። እስከዚህ ድረስ ሰበብ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የራሴ ጥፋት ነው። መንገዱ ተከፈተ፣ አልመጣሁም። አርባቸው አለፈ። «አሁን ምን ብዬ እደውላለሁ?» እያልኩ ወር በወር ላይ ደረብኩ። የለቅሶ ዕዳ ደግሞ ሲያድር ይወልዳል። ይቅር በዪኝ። አላህ ጀነት ይስጣቸው።

ሌላም ዕዳ አለብኝ፤ ይኼኛውን አታውቂውም። አንቺን ሳላስፈቅድ አባባን መድረክ ላይ አውጥቻቸዋለሁ።

አትቆጪ፣ መጀመሪያ ስሚኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤት ስንመለስ ላብራቶሪያችን ባዶውን ጠበቀን። ሚዛኑ የለ፣ ቮልቲሜትሩ የለ፣ ያቺ አንድ ለእናቷ የነበረች ማይክሮስኮፕም የለች። የቀረችኝ ጠመኔ ናት። ልጆቹ ደግሞ ብዙ አይተው ነው የመጡት፤ ፊታቸው ተዘግቷል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑን ታውቂያለሽ። «ወርክ ኢዝ ኢኳል ቱ ፎርስ ታይምስ ዲስፕሌስመንት» ይሉልሻል፣ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። «ምን ማለት ነው?» ስትያቸው ግን ሁሉም ደብተሩን ያያል።

አንድ ቀን ስለ መውደቅ እያስተማርኩ፣ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ከባዱ ነገር ቀድሞ ይወድቃል» አለች። እኔ ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን እኔ ስስቅ ክፍሉም ተከትሎኝ ሳቀ። ያቺ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሁለተኛ እጇን አላወጣችም። እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ደግሞ አስቢው፤ አሪስቶትልም እኮ ያለው እሷ ያለችውን ነው፤ ሰውም ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ አምኖታል። እሱ ላይ ማን ሳቀ?

ጋሊሌዮ በፈረንጆቹ 1632 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለው ይከራከራሉ። አንዱ ሲምፕሊቾ ይባላል፤ የአሪስቶትልን ሐሳብ ይዞ ሙጭጭ ያለው እሱ ነው። የዋህ ነው፣ አንባቢው በእሱ እየሳቀ ይማራል። (ጋሊሌዮን ጉድ ያደረገውም ከፊሉ ይኸው ነው፤ የሮማውን ጳጳስ ክርክር በሲምፕሊቾ አፍ አስገባው። በዓመቱ ተከሶ፣ በ1642 እስኪሞት ከቤቱ እንዳይወጣ ተፈረደበት።) ይኼን ሳነብ አንድ ነገር መጣልኝ። ክፍል ውስጥ የሚሳሳት ሰው የግድ ካስፈለገ፣ ለምን እኔ አልሆንም?

ትያትሬ እንደዚያ ነው የተጀመረው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ በክበብ ሰዓት፣ አርባ ደቂቃ፣ ብቻዬን።

እና አባባ። ያቺን ማታ ታስታውሻለሽ? 12ኛ ክፍል ነን። መብራት ሄዶ በሻማ እያጠናን ነው። አባባ ከሰኞ ገበያ ሸክም ውለው ገቡ። ትከሻቸው ላይ የሚያደርጓትን ጆንያ አጣጥፈው በሩ ሥር አኖሩ። እናትሽ ቡና ሲቀዱላቸው «ምን እያነበባችሁ ነው?» አሉ። አንቺ «ሥራ» አልሻቸው። «ሥራ ደግሞ ይነበባል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ አንቺ ብድግ ብለሽ አስረዳሽ። በፊዚክስ ሥራ ማለት የሚገፉበት ኃይል በገፉበት አቅጣጫ በተሄደው ርቀት ሲባዛ ነው፤ ኩንታል ተሸክመው ቢቆሙ ሥራቸው ዜሮ ነው። ሜዳ ለሜዳ ይዘውት ቢሄዱም ዜሮ ነው፤ እሳቸው የሚገፉት ወደ ላይ፣ መንገዱ ወደ ጎን። አባባ ስኒያቸውን እንደያዙ ትንሽ አሰቡና «ለመሆኑ ይኼን ያለው ሰውዬ ተሸክሞ ያውቃል?» አሉ። እኛ በሳቅ ስንፈርስ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ፣ ደሴ ሜዳ የላትም!»

ያቺ ማታ ናት ትያትር የሆነችው።

ስማቸውን አልጠቀምኩም። «ጋሼ ኩንታል» ነው የምለው። ትከሻዬ ላይ ጆንያ፣ ጀርባዬ ላይ ገለባ የተሞላ ማዳበሪያ። ጋሼ ኩንታል «ፊዚክስ ቢሮ» ደመወዙን ሊጠይቅ ይሄዳል። ቢሮው ውስጥ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የወረደ ጸሐፊ አለ፤ እሱም እኔው ነኝ። ጸሐፊው ቀና ሳይል አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ «ሽቅብ ነው ቁልቁል?» መጀመሪያ ራሴ ነበርኩ የምጠይቀው። በሦስተኛው ሐሙስ ልጆቹ ቀደሙኝ። አሁን እንደ መንዙማ ሆኗል፤ እኔ አወጣለሁ፣ ስልሳው ልጅ ይቀበላል። «ሠርቻለሁ ወይስ አልሠራሁም?» ስል «ሽቅብ ነው ቁልቁል?» ብለው ጣሪያውን ያነሡታል። ሜዳ ከሆነ ዜሮ። ሽቅብ ከሆነ ደመወዝ። ቁልቁል ከሆነ ግን ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «ሥራዎ ኔጌቲቭ ነው፣ ዕዳ አለብዎት» ይለዋል። ጋሼ ኩንታል ቁልቁል የተሸከመበትን ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስ ብታዪ!

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። 50 ኪሎ ጭኖ 20 ሜትር ሽቅብ ወጥቷል። 50 በ9.8 (የምድር ስበት) በ20፣ 9,800 ጁል፤ ጁል የሥራ መለኪያ ነው። ጸሐፊው ይኼን ወደ ምግብ ይመነዝረዋል፤ 2.3 ኪሎ ካሎሪ ገደማ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ደግሞ 4 ግራም ነው፣ 16 ኪሎ ካሎሪ ያህል። «እንግዲህ ጋሼ፣ ሰባት ጊዜ ሲመላለሱ አንድ ማንኪያ ስኳር እንከፍልዎታለን።» ጋሼ ኩንታል ዝም ይላል። ዝም ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ «ሻዩንስ ማን ይከፍላል?»

ልጆቹ እዚህ ላይ ሲስቁ እኔ የአባባን ፊት ነው የማየው።

ግን በሳቁ አልተዋቸውም። አባባ የጠየቁት እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልስ ሳይሰጣቸው ነው የተኙት። ያኔ እኔም አንቺም አናውቀውም ነበር። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ አለ። ማዳበሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ጋሼ ኩንታል ከጠረጴዛው ጋር ጸብ ይገባል። «አንተም ተሸክመህ ቆመሃል፣ እኔም ተሸክሜ ቆሜያለሁ። አንተ ለምን አይርብህም?» ነገሩ ይኸው ነው። ጠረጴዛ ዓመት ቢቆም ቁርስ አይጠይቅም። ጡንቻ ግን እንደ ጠረጴዛ አይቆለፍም። ቆመሽ እንኳ የጡንቻ ክሮች ሲኮማተሩና ሲላቀቁ ነው የሚውሉት፤ ለዚያ ሁሉ ምግብ ይቃጠላል፣ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ላቡ እሱ ነው። ስንሠራም ቢሆን ካቃጠልነው ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ከሩብ አይበልጥም። ኩንታሉ ላይ የተሠራው ሥራ ዜሮ ነው፤ አባባ ውስጥ ግን ዜሮ አልነበረም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አባባም መጽሐፉም። ልጆቹ ይኼን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ብዙዎቹ አባታቸው ተሸካሚ ነው፣ ወይም ግንበኛ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። በሁለተኛው ሐሙስ ማዳበሪያዬን ተሸክሜ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ገለባ ነዋ፣ አይከብድም። መሃል ላይ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሣ። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። «ቲቸር፣ እንደዚያ ከቆሙ ወደ ኋላ ይወድቃሉ» አለኝ። «እንዴት ልቁም?» አልኩት። ወጣ። ማዳበሪያውን ተቀበለኝ፣ ትከሻው ላይ ወረወረው፣ ከወገቡ ጎንበስ አለ፤ ጉልበቱን ሰበር፣ አንገቱን ደግሞ ቀና። ገለባው ኩንታል ሆነ! ከዚያ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ለምን እንደሚጥል በራሱ አማርኛ አስረዳ። ሸክሙ ከኋላ ሲሆን ክብደቱ ከእግር ኋላ ያልፋል፤ ጎንበስ ስትዪ ወደ እግርሽ መሃል ይመለሳል። እኔ «ሴንተር ኦፍ ግራቪቲ» ብዬ ሁለት ክፍለ ጊዜ የለፋሁበትን። «የት ተማርከው?» ብለው «ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እሸከማለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ አንድ ስህተት ሆን ብዬ አስገባለሁ። ማን እንደሚይዘኝ መጠበቅ ነው። ያ ልጅ ቀድሞ ይይዘኛል። ያቺ እጇን ያላወጣችው ልጅ ባለፈው ወር ያዘችኝ። ደብተርና ቁራጭ ወረቀት ለያይቼ ስጥል ደብተሩ ቀደመ፤ «አያችሁ፣ ከባዱ ቀደመ!» አልኩ። እሷ ወረቀቷን ደብተሩ ላይ አስተኝታ ሁለቱን አንድ ላይ ለቀቀችው። አብረው ዱብ! አየሩ ነዋ ያዘገያት። በፈረንጆቹ 1971 የአፖሎ 15ቱ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለበት ጨረቃ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በአንድ እጁ የጭልፊት ላባ ለቀቀ፤ እኩል ነው የወደቁት። ያም የአንድ ሰው ትርኢት ነው፣ መድረኩ ትንሽ ራቀ እንጂ።

ሁሉ ሰምሯል እንዳትዪ። ጨርቁን ከስኒዎች ሥር ፈልቅቄ ላወጣ ብዬ አራት ስኒ ሰብሬያለሁ፤ አራቱም የእናቴ ናቸው። አንድ ኃላፊም «እዚህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ሰርከስ?» ብለውኛል። ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት በር ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር፤ የሳቁ መስሎኛል።

የትያትሩ ሁለተኛ ክፍል አንቺን የምታስቅሽ ናት። ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ስወርድ ሃይላንዴን ጠጥቼ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኩት። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንገባ ባወጣው ጉንጩ ሥርጉድ ብሏል፣ ጾም የበረታባት አሮጊት መስሏል። እኛ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነን፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። እታች አየሩ ይበልጥ ይጫናል፤ ውስጡ የቀረው ግን የደሴ ቀጭን አየር ነው። ጋሼ ኩንታል ሚኒባስ ውስጥ «አየሬን የጠጣው ማነው?» ብሎ ተሳፋሪውን ይፈትሻል። ከዚያም ወደ ወጥ ይገባል፤ ደሴ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስሩ ይዘገያል፣ ኮምቦልቻ ያለችው ምራቱ ቀድማው ታወጣለች፣ እሱ ግን በሴትየዋ ሙያ ያሳብባል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ። ኮምቦልቻ ያሉ መምህራን ወሬውን ሰምተው ከፋሲካ በኋላ እዚያ እንድጫወተው ጠይቀውኛል። ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይመጣሉ፣ በቪዲዮም ይቀረጻል። እስካሁን በአራት ግድግዳ ውስጥ ነበር። ከተቀረጸ ግን የሰፈር ሰው ያየዋል፣ ወንድሞችሽም ያዩታል፤ ጎንበስ ስል እሳቸው መሆናቸውን ያውቃሉ። ስለዚህ አንቺ ሳትፈቅጂ አንድ እርምጃ አልሄድም። «ተዪው» ካልሽኝ እተወዋለሁ፤ ሃይላንዷ ብቻዋን ትበቃኛለች። አልቀየምሽም።

እሺ ካልሽኝ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሽኝ። አባባ ሸክሙን ሲያወርዱ፣ ጀርባቸውን ከማቅናታቸው በፊት፣ የሚሏት ቃል ነበረች። አጭር ናት፣ ለራሳቸው ነበር የሚሏት። ስንት ጊዜ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝ አለ። ጋሼ ኩንታል ማዳበሪያውን ጠረጴዛው ላይ ሲያወርድ እዚያች ቦታ ላይ ዝም ነው የምለው። ልጆቹ ሆን ብዬ የማደርገው ይመስላቸዋል።

ያቺው እህትሽ