«ሰው ያልነካው ደን» ስለተባለው ዘጌ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጣና ሐይቅ ስላለችው ልሳነ ምድር ስለ ዘጌ ባወጣችሁት ዘገባ ከፎቶግራፉ ሥር የሰፈረው «ሰው ያልነካው ደን» የሚል ሐረግ እኔንም የመንደሬንም ሰዎች ክፉኛ አሳዝኖናል። ሰው ካልነካው የአባቴን መዳፍ እንዲህ ያሻከረው ምንድን ነው?

ዘጌ በሬ የማይጠመድባት ምድር መሆኗን ባሕር ዳር ያለ ሁሉ ያውቃል። ገበሬው በዘጌው ጻድቅ በአቡነ በትረ ማርያም ስም የሚነገረውን ቃል አክብሮ ማረስንም ከብት ማርባትንም ትቶ፣ ከቡናና ከጌሾ በሚያገኘው ገንዘብ እህሉን ከገበያ እየሸመተ ይኖራል። ዋንዛውና ብርብራው የቆሙት ሰው ስላልደረሰባቸው ሳይሆን፣ በየዓመቱ ግርጌያቸውን የሚመነጥር፣ የበቀለውንም ችግኝ አጥሮ የሚያሳድግ ሰው ስላለ ነው።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ አንድ የእንጨት ነጋዴ ከቤታችን በላይ ዳገቱ ላይ ለቆመው ዋንዛ ጥሩ ዋጋ ሰጠ። እናቴ ባሕር ዳር የምማርበትን ወጪ አስባ «ይሸጥ» አለች። አባቴ ግን ዋንዛው ከወደቀ ቡናውን ፀሐይ ይመታዋል፣ ዝናቡም አፈሩን ጠርጎ ጣና ውስጥ ይከተዋል ብሎ እምቢ አለ። ያን ዓመት ሳልማር ቀረሁ፤ ቂምም ይዤበት ነበር። ዘጋቢያችሁ ፎቶግራፍ ያነሣው ያንኑ ዋንዛ ነው።

ጦጣዎቹ «እንደ ልባቸው ይፈነጫሉ» ብላችኋል። የቀላውን ቡና መጥጠው ፍሬውን ድንጋይ ላይ ሲተፉት እናቴ እየተናደደች ትለቅማለች፤ አባቴ ግን አንድም ቀን ወንጭፍ እንድናነሣ ፈቅዶልን አያውቅም፤ ሾላውንም የእነሱ ቀለብ ነው ብሎ አያስነካም። እንደ ልባቸው የሆኑት የእኛ ልብ ስለቻላቸው ነው።

የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብም ሰውና ተፈጥሮ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ምድር ተብሎ እንጂ ሰው የሌለበት ዱር ተብሎ አይደለም።

ዘጋቢያችሁ ቤታችን ቁጭ ብሎ እስከ በረካ ቡና ጠጥቷል፤ አባቴም ምርኩዙን ይዞ ዳገቱን እየዞረ ዛፉን ሁሉ በየስሙ አሳይቶታል። ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል እንኳ አልወጣም። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ ዘገባውን ያነበብሁለት እኔ ነኝ፤ እዚያ ሐረግ ላይ ስደርስ ዘልዬው አለፍሁ። እርማት አውጡና ሙሉውን ላንብብለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘጌ ተወላጅ፣ ከባሕር ዳር